ከዱባይ መጣ የተባለው ታብሌት

ጂንካ ውስጥ እኔ ያልከፈትኩት ዕቃ የለም። ይሄን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራራትም ነው። ሬዲዮ ከፍቻለሁ፣ ቴፕ ከፍቻለሁ፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ጄነሬተር፣ የሰርግ ካሜራ ከፍቻለሁ። አንዴ የፈረንጅ የጥርስ ብሩሽ ሁሉ ከፍቻለሁ። ባትሪ ያለው የጥርስ ብሩሽ! ቱሪስቱ ቱርሚ ላይ አቧራ ገብቶበት ዝም አለበትና አስጎብኚው ይዞልኝ መጣ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ገጥሜ ሳበራው እንደ ንብ እየጮኸ ጠረጴዛው ላይ መሮጥ ጀመረ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ግማሹ ውጭ ወጣ። እኔ በጥርሴ ልሞክረው ብዬ ነበር፣ ሚስቴ ናት የከለከለችኝ።

ማንም አላስተማረኝም። ደርግ የወደቀ ጊዜ ወላጆቼ ከጎፋ በኩል ይዘውኝ ሲመጡ ጢሜ እንኳን ገና አልበቀለም። ያኔ አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሃል ነው፣ ሳር ነው። ላሞች ይግጡበታል፣ እኛ ኳስ እንጫወትበታለን፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ዘበኛው እኛንም ላሞቹንም በአንድ ዱላ ያባርራል። አባቴ ግንበኛ ነበር፣ እኔንም ግንበኛ ሊያደርገኝ ነበር ሐሳቡ። ድንጋይ ግን ብትከፍተውም ውስጡ ድንጋይ ነው፣ ምን ያደርግልሃል? እኔ የአባቴን ሬዲዮ ፈታሁ። ተገረፍኩ። መልሼ ገጠምኩት፣ ከበፊቱ የበለጠ ጮኸ። አባቴ ዱላውን አስቀምጦ ዜና አዳመጠ። በቃ፣ የእኔ ዩኒቨርሲቲ ያ ነው፣ የተመረቅኩትም በዚያው ቀን ነው።

የእኔ ስራ ምልክት አለው። ስልክም ሆነ ታብሌት ቻርጅ የሚሰካበት ቦታ ሲላላ ሌላው ሰራተኛ ሙጫ ይደፋበታል። እኔ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ቀጭን ቁራጭ እቆርጥና ከስሩ እሸጉጥበታለሁ። ላስቲኩ ሙቀት ይችላል፣ ቦታውን ይይዛል፣ ከተሰራበት አገር ይልቅ እዚህ ይጠነክራል። አንድ የሐመር ሽማግሌ ሬዲዮውን ስሰራ ቁጭ ብሎ እያየኝ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ፦ "ይሄን ሌላ ሰው እኔ ነኝ የሰራሁት ቢልህ በምን ታሳየዋለህ?" ራሴን አከክኩ። ሳቀብኝ። "ፍየሎቼ ሺህ ፍየል ውስጥ ቢገቡ ጆሯቸውን አይቼ አወጣቸዋለሁ" አለ። የእነሱ ከብት ሁሉ ጆሮው ላይ የባለቤቱ ቁርጥ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዷን የጀሪካን ቁራጭ ጫፏ ላይ ሁለት ጊዜ እቆርጣታለሁ። በደቡብ ኦሞ ጆሯቸው የተቆረጠ ስልኮች ያሉት እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። ከላይ ታብሌት ብዬ ጻፍኩ እንጂ የማወራው ስለ ሰው ነው። በዓለም ላይ አንድ ከፍቼ ያላየሁት ነገር ቢኖር እሱ ነበር።

ሹፌር ነው። የአሪ ልጅ ነው፣ እዚሁ ጂንካ ተወልዶ ያደገ። የጭነት መኪና ይዞ ከጂንካ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ፣ ሲመቸው ደግሞ ወደ ኦሞራቴ ይወርዳል። እኔን "ኢንጂነር" ይለኛል። እኔ እሱን "ሹፌሬ" እለዋለሁ፣ ሌላ ሹፌር እንዳለኝ ያህል። ወጣት ሳለን ኦሞራቴ አንድ ቡና ቤት ዲሽ ልሰቅል በሱ መኪና ወረድኩ። ዲሹን ሰቀልኩ፣ ወባም ሰቀለችኝ። ስንመለስ ቱርሚ ልንደርስ ስንል ጠዋት ደረቅ የነበረው ወንዝ ሞልቶ ጠበቀን። መኪና አያልፍም። እኔ ስለ እናቴ መለፍለፍ ጀምሬያለሁ። ሹፌሬ ሱሪውን አወለቀ፣ በጭነት ገመድ ጀርባው ላይ አሰረኝ፣ ሱሪውን እጄ ላይ አደረገና "ከሞትን አብረን ነው፣ ሱሪዬን ግን እንዳታረጥብ" አለኝ። ውሃው ደረቱ ድረስ መጣ። ሱሪው እኔ ጭንቅላት ላይ እንደ ጥምጥም ተጠምጥሞ ተሻገረ፣ እኔም ከስሩ ተሻገርኩ። ክሊኒክ ያደረሰኝ በሙታንታ ነው፣ ነርሷ ማናችንን አስቀድማ እንደምታክም ግራ ገባት።

ከዚያ በኋላ ይሄ ሰው ያመጣልኝን ዕቃ ከፍቼ አይቼ አላውቅም። መለዋወጫ ያመጣል፣ እቀበላለሁ። ስክሪን ያመጣል፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ደግሞ ሱቄን አጸዳለሁ። ሞክሬ ሞክሬ ተስፋ የቆረጥኩበትን፣ ባለቤቱም ተወው ያለኝን ዕቃ ሁሉ ጆንያ ውስጥ እጨምረዋለሁ፣ እሱ አዲስ አበባ ወስዶ ለቆራሌ ይሰጠዋል። "ከዚህ ምን ይገኛል ብለህ ነው" ስለው "ባዶ ከምመለስ" ይለኛል። ጆንያውን ሲጭን አግዘዋለሁ።

ታብሌት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቢሮ ሰው፣ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ሁሉም ታብሌት ፈለገ። አዲሱ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ስልክ ላይ ግን ዕቃ የሚሸጡ ቻናሎች መጡ፦ ስላሽ የሚባለው፣ ውጭ አገር ትንሽ ተሰርቶበት፣ ታድሶ፣ እንደ አዲስ ካርቶን ውስጥ የገባ። ፎቶውን ስታየው ከሙሽራ ያምራል። እኔ መጀመሪያ ሰውን ሁሉ እገስጽ ነበር። "ያላያችሁትን በሬ በስልክ ትገዛላችሁ? ጥርሱን ሳታዩ?" እል ነበር። ሱቄ ውስጥ ቆሜ ስለ ኦንላይን ሌቦች የሰጠሁትን ትምህርት ማይክ ቢኖረኝ ባስኬቶ ድረስ ይሰማ ነበር።

ሹፌሬ አንድ ቀን ይሄን ትምህርቴን እየሰማ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰና "ኢንጂነር፣ አንተን ማን ያታልልሃል?" አለኝ።

"ማንም!"

"እንግዲያው ምን ያስፈራሃል? አዲስ አበባ የማውቀው ልጅ አለ፣ ቻናል አለው። ከዱባይ ነው የሚያስመጣው። አንተ ከቻናሉ ትመርጣለህ፣ እኔ ሄጄ በእጄ ተቀብዬ አመጣልሃለሁ። ፖስታ የለ፣ ደላላ የለ። ምን ቀረ?"

"ከፍቼ ማየት ቀረ።"

"እንዳትከፍት!" ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ከኋላው ትንሽ ስቲከር አለች። እሷ ከተቀደደች ዋስትና የሚባል የለም። ካቻቢቴህን ለሚስትህ ስጣትና ቁጭ በል።"

ሳቅን። እኔ፣ የጥርስ ብሩሽ የከፈትኩ ሰው፣ ካቻቢቴዬን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁ። ያመጣው ሹፌሬ ነዋ።

ታብሌቶቹ መጡ። መስታወታቸው ያበራል፣ ከኋላ ሽፋናቸው አንድ ጭረት የለበትም፣ ስቲከሯም በቦታዋ ናት። የሱቄ በር ላይ "የዱባይ ታብሌት በጂንካ" ብዬ የለጠፍኩ ጊዜ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው "አንተ አርባ ምንጭን አልፈህ ታውቃለህ?" አለኝ። "ዕቃዬ ያልፍልኛል" አልኩት። ለአስተማሪ ሸጥኩ፣ ለነርስ ሸጥኩ፣ ግብርና ቢሮ ለምትሰራ አንዲት ባለሙያም ሸጥኩ። ለሁሉም የነገርኳቸው አንድ ነው፦ "የእኔን ቃል ያዙ።" ሹፌሬ ቃሌ ነበር፣ እነሱ ግን ያንን አያውቁም።

መጀመሪያ የተመለሰችው የግብርናዋ ባለሙያ ናት። አልዱባ ገበያ ሄዳ የከብት ክትባት ስትመዘግብ ሰንብታለች፣ ጫማዋ ላይ አሁንም አቧራው አለ። ታብሌቱን ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ታመመ ጫጩት አስቀመጠችው።

"ጋሼ፣ ሞተብኝ።"

"የዱባይ ዕቃ አይሞትም፣ ይተኛል እንጂ።"

"እንግዲያው ይቀስቅሱልኛ። የሰራሁት ስራ በሙሉ እሱ ውስጥ ነው። እንደገና ሂጂ ቢሉኝ እዚያው በናዎች አገር አግብቼ እቀራለሁ።"

ቻርጅ ሰካሁ፣ አይወስድም። ገመድ ቀየርኩ፣ አይወስድም። ስቲከሯን አየኋት። ዋስትናው ይቅር፣ ይቺ ልጅ ስራዋን ትፈልጋለች ብዬ ከመሳቢያ ካቻቢቴዬን አወጣሁ። በአሮጌ የሞባይል ካርድ ዙሪያውን ፈልቅቄ ሽፋኑን አነሳሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ አድናቆት። ቻርጅ መሰኪያው ስር የተሸጎጠ ነገር አየሁ፣ ልክክ ብሎ የተቀመጠ፣ ንጹሕ። ጮክ ብዬ "ይሄን የሰራው ማነው? ጎበዝ ነው!" አልኩ።

"ዱባይ ጥሩ ባለሙያ አለ ማለት ነው" አለች።

በመቆንጠጫ ሳብኩት። ቢጫ ነው። ጫፉ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል።

አገላበጥኩት። ቦርዱን በባትሪ አየሁት፣ አንዱ ጥግ ላይ ዝገት ጨርሶት እኔው በጥርስ ብሩሽ የፈገፈግኩት ቦታ አለ። (ይሄኛው ተራ የጥርስ ብሩሽ ነው።) ዕቃውን አወቅኩት። ኦሞራቴ ዓሣ የሚነግድ ሰውዬ ከጀልባ ላይ ኦሞ ወንዝ የጣለው ታብሌት ነው። አደረቅኩለት፣ መሰኪያውን አጠበቅኩለት፣ ትንሽ ሰራና እንደገና ሞተ። ሰውዬው "ተወው፣ ለወንዙ ሰጥቼዋለሁ" ብሎኝ ሄደ። እኔም ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። ያኔ ሽፋኑ ጥቁር ነበር፣ መስታወቱም ተሰንጥቋል። አሁን አዲስ ሽፋን ለብሶ፣ አዲስ መስታወት አድርጎ፣ በካርቶን ተመልሶ መጣልኝ። እኔም ከፍዬ ተቀበልኩት።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። የድሮ ዘመድ አግኝቼ ነው።"

ከሌላ ታብሌት ባትሪ አውጥቼ ገጠምኩለትና ስራዋን ወደ ስልኳ አስተላለፍኩላት። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለችና "ለመሆኑ እርስዎ ዱባይ ሄደው ያውቃሉ?" አለችኝ። "እኔ አልሄድኩም፣ እጄ ግን ደርሳ ተመልሳለች" አልኳት። እየሳቀች ሄደች። እኔ በሩን ዘጋሁ።

መደርደሪያ ላይ የቀሩትን ከፈትኳቸው። አንዱ ውስጥ ሌላ ቢጫ ጆሮ። ሌላኛው ውስጥ የእኔ ሳይሆን የሌላ ሰው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የላም እበት የመሰለ ብየዳ። ከዱባይ የመጣ አንድም አልነበረም። ጆንያዬ ነው ዞሮ የመጣው።

ሰው ግን ሞኝ ነው፣ በተለይ ጎበዝ ነኝ የሚል ሰው። እኔ ያን ጊዜ ሹፌሬን አልጠረጠርኩም። አሳዘነኝ እንጂ! ምስኪን፣ ለቆራሌ የሰጠውን ዕቃ እነዚያ የአዲስ አበባ ሰዎች አድሰው ለሱው መልሰው ሸጡለት፣ አሁን ሲሰማ ምን ይሰማው ይሆን እያልኩ አንገቴን ደፋሁ። እንዴት እንደማጽናናው ሁሉ ተለማመድኩ። ሚስቴ ወጥ እያማሰለች ሰማችኝና "እኔን እንደዚህ አጽናንተኸኝ አታውቅም" አለች።

ሲመጣ ጎሚስታው ጋ ጎማ እያስሞላ አገኘሁት። ጎሚስታው የሁለታችንም ወዳጅ ነው፣ እኔ አፌን ስከፍት ገና ሳልናገር የሚስቅ ሰው ነው። ሹፌሬ ፊቱን በጀሪካን ውሃ እየታጠበ ነበር።

"ሹፌሬ፣ እንዳትደነግጥ" አልኩት። "ሰዎቹ አታለሉህ።"

"የትኞቹ ሰዎች?"

መዳፌን ዘረጋሁለት። ቢጫዋ ቁራጭ እላዩ ላይ ናት። "ከዱባዩ ታብሌት ውስጥ ወጣች።"

አያት። ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ነው። ከዛ ፈገግ አለ፣ እንደ ድሮው፣ ወንዙን ስንሻገር እንደሳቀው።

"እኔ እኮ ልጁን ይቺን አውጣ ብዬው ነበር" አለ።

ጎሚስታው መሳቅ ጀምሮ ነበር፣ ተወው።

ያን ሰዓት አዎ አታለሉኝ ቢለኝ ኖሮ አምነው ነበር። እስከ ዛሬም አምነው ነበር። ተለማምጄ የመጣሁት ማጽናኛም በከንቱ አይቀርም ነበር።

"ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"ኧረ ባክህ ኢንጂነር፣ እንዲህ ፊትህን አታጥቁረው። አንተ ጥለኸው የለ? የጣልከውን ነው ያነሳሁት። ቆራሌ እጅ ቢገባ ይቀጠቅጠው ነበር። እኔ ለልጁ ሰጠሁት፣ መስታወት ቀየረ፣ ሽፋን ቀየረ፣ ደከመበት። ካንተ ምን ሰረቅኩ?"

"ምንም አልሰረቅክም።"

"ታዲያ!"

"ለምን ለእኔ አመጣኸው? አዲስ አበባን የሚያክል ከተማ አለልህ። ሐዋሳ አለልህ። ለምን እኔ?"

ፊቱን በሸሚዙ ጠረገ። ሊዋሸኝ አልፈለገም መሰለኝ፣ ወይ ደግሞ ነገሩ ለሱ ያን ያህል ከባድ አልመሰለውም።

"ሌላው ሁሉ ከፍቶ ያያላ" አለኝ።

እኔ መልስ ጠፍቶኝ አያውቅም። በሰርግ፣ በለቅሶ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ፓስተሩ ሲገስጸኝ ሁሉ መልስ አለኝ። ጎሚስታው የጎማ ብረቱን ይዞ የኔን መልስ ይጠብቃል። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ነገር "ጆንያዬስ?" የሚል ነው።

"የቱ ጆንያ?"

"ዕቃው የነበረበት። አልመለስክልኝም።"

"እገዛልሃለሁ" አለ።

ዞሬ ሄድኩ። እንደዚያ ያለ ሞኝ ነገር ተናግሬ አላውቅም፣ እስካሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ለገዙኝ ሰዎች እውነቱን ነገርኳቸው። አስተማሪው ቤት፣ ነርሷ ጋ፣ እያንኳኳሁ፦ "የዱባይ ዕቃ ብዬ የሸጥኩላችሁ የራሴ የጆንያ ዕቃ ነው፣ አምጡት።" የሚሰራውን ከልቤ ሰራሁት፣ ለማይሰራው ገንዘባቸውን መለስኩ። ከተማው ሳቀብኝ። ልብስ ሰፊው እስከ ዛሬ ድረስ "ዱባይ" ነው የሚለኝ፣ እኔም አቤት እላለሁ፣ ከኢንጂነር አያንስም። ለሰው ሁሉ ታሪኩን ስናገር እኔው ነኝ አስቀድሜ የምስቀው። "ሌላው ሁሉ ከፍቶ ያያላ" የሚለውን ግን አልናገርም ነበር። ለሚስቴ ብቻ ነው የነገርኳት።

"ወንዝ ያሻገረህ ሰውዬ ነው እንዲህ ያለው?" አለችኝ።

"ራሱ።"

"ሁለት ሰው ነው ማለት ነው።"

"አይደለም" አልኳት። "አንድ ቢሆን ነው የከፋው። ሁለት ቢሆን አንዱን ለራሴ አስቀር ነበር።"

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ገቡበት። አስቀመጡን፣ ጸለዩ፣ አስታረቁን። ተቃቀፍን። ሹፌሬ አለቀሰ፣ የእውነት ነው ያለቀሰው፣ ትከሻዬ ረጠበ። እኔም ይቅር ብያለሁ አልኩ፣ እሱም የእውነት ነበር። የሚያስቀይመኝ ነገር ልቤ ውስጥ ብፈልግ አላገኘሁም። ድሮ ያለ ሐሳብ ዕቃውን ስቀበለው የነበረውን ነገርም ፈለግኩ፣ እሱንም አላገኘሁትም።

ከጊዜ በኋላ ሱቄ መጣና ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ታብሌት ነው። ስላሽ አይደለም፣ አዲስ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ።

"ያንተ ነው" አለኝ። "ከሱቅ ነው የገዛሁት፣ ደረሰኝ አለው። ለሽያጭ እንዳይመስልህ፣ ስጦታ ነው።"

አመሰግናለሁ ልለው ነበር። አፌ ይሄን ሲያዘጋጅ እጄ መሳቢያ ከፍታለች። ካቻቢቴው መጣ፣ ካርዱ መጣ። ላስቲኩን ቀደድኩ፣ ዙሪያውን ፈለቀቅኩ። ሹፌሬ ቆሞ እያየኝ ነው። ባትሪውን አየሁ። ቦርዱን በመብራት ከጥግ እስከ ጥግ አየሁ። መሰኪያውን በጥፍሬ ነካካሁ። የሰው እጅ ያልነካው ዕቃ ነው፣ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ዕቃ በዕድሜዬ ከፍቼ አላውቅም።

መልሼ ገጠምኩት።

"ደህና ነው" አልኩ።

"ደህና እንደሆነ ነግሬህ ነበር።"

"አዎ፣ ነግረኸኛል።"

ሻይ አዘዝኩለት፣ አልጠጣም ብሎ ሄደ።

አሁንም መለዋወጫ የሚያመጣልኝ እሱ ነው፣ በዚህ መንገድ ከሱ የተሻለ ሹፌር የለም። ይመጣል፣ ሰላም እንባባላለን፣ ስለ ልጆች እንጠያየቃለን፣ ካርቶኑን ያስቀምጣል። ድሮ አስቀምጦ እየሮጠ ነበር የሚወጣው፣ ጭነት አለው፣ ትራፊክ አለ። አሁን በርጩማውን ራሱ ስቦ ይቀመጥና እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። እኔ አልጠየቅኩትም። ዕቃውን አንድ በአንድ ከፍቼ እስክጨርስ ድረስ ይጠብቃል።